የአማቴ ጎማ፣ የእኔ መኪና

«የስፖርት መኪና መንዝ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ልትጠይቁኝ ከሆነ ተራ ያዙ። ዘመሮ ውስጥ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ቄሱ ጠይቀውኛል፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጠይቆኛል፣ ተማሪዎቼ በፈተና ወረቀት ጀርባ ጽፈው ጠይቀውኛል። ሚስቴ አስናቀችማ እንደ ማለዳ ጸሎት በየቀኑ ትደግመዋለች። መልሱን እኔም በቅጡ አላውቀውም። የማውቀው የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና እንደሚያሻሽጥ፣ እኔ ደግሞ ከአባቴ የወረስኩት ባሕር ዛፍ እንደነበረኝ፣ አንድ ቀን ሁለታችንም ምንም ሳንጠጣ እንደተለዋወጥን ብቻ ነው።

ቀይ ናት። ሁለት በር አላት። የኋላ ወንበርም አላት ይባላል፤ እስካሁን ተቀምጦበት የሚያውቀው ግን አንድ ጆንያ ገብስ ነው፣ እሱም አጎንብሶ። ቁመቷ እስከ ቀበቶዬ ስለሆነ ከሷ መውረድ የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ጉድጓድ ተደግፎ መውጣት ነው። የሠሯት ሰዎች አስፋልት አስበው ነው የሠሯት፤ የኛን መንገድ ቢያዩት ኖሮ ገና በወረቀት ላይ ሳለች ይቀዷት ነበር። ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ ባለችው አጭር መንገድ ሆዷ ሦስት ቦታ ድንጋይ ይነካል። የጭስ ማውጫዋን በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ከመንገድ ላይ አንስቼ በብብቴ ይዤ ወደ ቤት ገብቻለሁ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ልኮራ ብዬ ሳይሆን ጥፋቱ ከየት እንደመጣ እንድታውቁልኝ ነው። ሌላው ሰው መኪናው ድንጋይ ሲነካበት ይሳደባል፤ እኔ እወርድና ከሥሯ ተኝቼ ስንት ጣት እንደጎደላት እለካለሁ። አንድ ቀን እንደዚያ ተኝቼ ሳለሁ ነው «ጎማዋ ቢያድግስ?» የሚል ሐሳብ የመጣልኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ሳስተምር ጎማ፣ ስበላ ጎማ፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ጎማ። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ክፋቱ ትልቅ ጎማ የት እንዳለ ማወቄ ነው።

አማቴ አቶ ደምሴ የሚኖሩት ጓሳ ጥግ ነው። ጓሳን ለማታውቁ፣ ሰፊ ደጋ ሜዳ ነው፤ ሳሩ ለቤት ክዳን ተወዳዳሪ የለውም። ሁሉም ያየዋል፣ በዘፈቀደ የሚነካው ግን የለም። ተዘግቶ ይከርማል፤ ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠው ሲከፍቱት ድርሻ ያለው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይገባል። ከዚያ ቀን በፊት በሬ ቢገባም ሰው ቢገባም ጥፋት ነው። የጠባቂ ሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ደግሞ አማቴ ናቸው። አንድ ጊዜ የገዛ ጥጃቸውን ከተዘጋው ሜዳ ውስጥ አግኝተው፣ ራሳቸው አስረው፣ ራሳቸው ለሽማግሌዎቹ አስረክበዋል። ጥጃዋ አሁን ላም ሆናለች፤ እሳቸው ሲያልቧት ግን ዛሬም ትራገጣለች ይባላል።

እኚህ ሰው አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለቻቸው። ሞተሯ ለጥገና ወርዶ ደብረ ብርሃን ከሄደ ከርሟል። ጎማዎቿ እንዳይበላሹ ብለው መኪናዋን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገው፣ ሸራ አልብሰው አስቀምጠዋታል። አራት ግዙፍ ጎማዎች፣ ሥራ የሌላቸው፣ መሬት የማይነኩ፣ ከሸራ ሥር ተንጠልጥለው! ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ፈተና እንደሆነ ፈጣሪም ያውቃል።

በጾሙ ወራት አማቶቼ ለሱባኤ ወደ ገዳም ሲሄዱ ከብቱን አልፎ አልፎ እያየሁ እንድጠብቅላቸው የግቢውን ቁልፍ ለኔ ሰጡኝ። እኔም አየሁላቸው። ከብቱን አየሁና ሸራውን ገለጥ አድርጌ ጎማውን አየሁ። በማግስቱ ጎሚስታውን ወንድይፍራውን ይዤ ተመለስኩ።

ወንድይፍራው ዘመሮ መግቢያ ላይ ጎማ ሲጠግን የኖረ፣ ለማንኛውም ጥያቄ መጀመሪያ «አይሆንም» ብሎ ከዚያ ሥራውን የሚጀምር ሰው ነው።

«አይሆንም» አለ፣ የፒክአፑን የመጨረሻ ጎማ እየፈታ። «ያንተዋ አምስት ቡሎን ናት፤ ይሄ ስድስት ነው።»

«ለምን ስድስት ሆነ?»

«ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ፈረስ ለምን ቀንድ የለውም?»

ጥያቄው ለጊዜው ጎማውን አስረስቶኝ ነበር። እውነት፣ ለምን የለውም? ብቻ ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ሸራውን እንደነበረ አልብሰን ጎማዎቹን ከሩቅ አገር በግ ሊገዛ በመጣ የጭነት መኪና ላይ ወረወርናቸው፤ ከበጎቹ ጋር ተሳፍረው ዘመሮ ገቡ። አማቶቼ ከመመለሳቸው በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ሞክሬ እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነው። ውሰት እንጂ ሌብነት አይደለም እያልኩ ራሴን መከርኩ። ራሴም አመነኝ።

አምስትና ስድስቱን ያስታረቅኩት እኔ ነኝ። በመሃል ወፍራም የብረት ሳህን ይገባል፤ ከውስጥ በኩል ለመኪናዋ አምስት ቀዳዳ፣ ከውጭ በኩል ለጎማው ስድስት። ወንድይፍራው «አይሆንም» አለና ብረት ፍለጋ ሄደ፤ ከተዘጋ ወፍጮ ቤት አንድ ወፍራም ብረት አግኝቶ ብየዳ ቤት አስቆርጦ አመጣ። ገጠምነው። ክሪኩን ስናወርድ የሆነውን መቼም አልረሳውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪናዬና በመሬት መካከል ነፋስ ሲያልፍ አየሁ። ከሥሯ አንዲት ዶሮ አለፈች፣ አንገቷን እንኳ ሳትደፋ። ከደስታዬ ብዛት ዕንባ ዕንባ ብሎኝ ነበር።

ችግሩ መሪው ነው። ገና ትንሽ ሲጠመዘዝ ጎማው ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይነክሳል። ወንድይፍራው የመቁረጫውን መሣሪያ አንስቶ የቀኙን ፓራፋንጎ እንደ ዳቦ ጎረደውና ወደ ግራው ሲዞር መብራት ጠፋ።

«መብራት ሲመጣ ግራውን እቆርጣለሁ» አለ።

«እስከዚያ ወደ ቀኝ ብቻ ብትዞርስ?»

«አይሆንም።»

አያችሁ፣ ይህ ሰው ለሁሉም «አይሆንም» ስለሚል አንድ ቀን እውነቱን ሲሆን እንዴት አድርጌ ልለየው? መብራቱ በማግስቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ብቻዬን ቁልፉን አንስቼ ወጣሁ። ለመሞከር እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ወደ ግራ ትንሽ ትንሽ ትላለች፤ መንገዱ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ይበቃታል። ወደ ቀኝ ሰፋ አድርጋ ትዞራለች። የኋላ ማርሿ ድሮም በልመና ነበር የሚገባው፤ እነዚህን ከባድ ጎማዎች ካየ ጀምሮ ግን ጭራሽ እንቢ ብሏል። እኔ ደግሞ ወደፊት ብቻ ነው የምሄደው ብዬ ንቄ ተውኩት።

ከፍ ብዬ ስሄድ አገሩ ሁሉ ሌላ ሆነብኝ። ዓመት ሙሉ የበግ እግር ብቻ ነበር የማየው፤ ያን ቀን በጎቹን ሙሉ በሙሉ፣ ከነፊታቸው አየኋቸው። የፍጥነቱ ቆጣሪ አርባ ይላል፣ ነፋሱ ግን አርባ አይደለም። ወዲያው ገባኝ! ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን ዙሩን እንጂ ጎማው ማደጉን አያውቅም። ይህን ለተማሪዎቼ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በነፋስ ሳውቀው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ስንት ሆኖ ይሆን እያልኩ በሐሳቤ ሳሰላ ጓሳ ደረስኩ።

መመለስ የሚባል ነገር እንዳለ ትዝ ያለኝ እዚያ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የኋላ ማርሹ አይገባም፤ ወደ ግራ አትዞርም፤ ወደ ቀኝ የምትዞርበት ስፋት የመንገዱን ሦስት እጥፍ ይሆናል። በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ጓሳ ነው። ዝግ ጓሳ። ጭጋጉ ወርዷል፣ ከሩቅ ከጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ በቀር የሚያየኝ የለም። አማቴን አሰብኳቸው። ጥጃዋንም አሰብኳት። ከዚያ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ።

አንድ ዙር ዞሬ ብወጣ ኖሮ ምናልባት ይቅር የሚባል ነገር ነበር። ግን ዙሩን ስጨርስ አንድ ነገር አየሁ። ዱካዬ ራሱ ላይ ተመልሶ ገጥሟል፤ ክቡ ተዘግቷል። መሪው ሳይነቃነቅ ሁለተኛ ብዞርስ? በዚያው ዱካ ላይ ያልፍ ይሆን፣ ወይስ ይስታል? እናንተ ብትሆኑ ሳታዩ ትሄዱ ነበር፤ እኔ ግን በሽታዬን ነግሬያችኋለሁ። ሁለተኛ ዞርኩ። ገጠመ። ሦስተኛ የዞርኩት እንዲያው ለማረጋገጥ ነው፤ ከዚያ አፍንጫዋ ወደ ዘመሮ ሲዞር ወጣሁ። ጭላዳዎቹ ሳር መንጨታቸውን ትተው ተሰልፈው አዩኝ፤ እንደነሱ በትኩረት ያየኝ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

ሰኞ ዕለት ወሬው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ደረሰ። ጓሳ ውስጥ ክብ ተገኝቷል! አንዱ ሄሊኮፕተር አርፎ ነው አለ። ሌላው ጋኔን የጨፈረበት ነው አለ። የጂኦግራፊው መምህር መሬቱ ከውስጥ እየሰመጠ ነው ብሎ ሁላችንንም አስደነገጠን። «ሦስት ጊዜ የተዞረ ነው አሉ፤ ዱካው ግን አንድ ብቻ ነው!» ሲል አንደኛው፣ በልቤ ኩራት ተሰማኝ። እንደማያውቅ ሆኜ «ስፋቱ ስንት ክንድ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ። የሰው ግምት እንዴት ያለ ደስ የሚል ነገር ነው እያልኩ ሁለት ቀን ሙሉ በየሻይ ቤቱ እየዞርኩ አዳመጥኩ። ጎማዎቹን መመለሱንም ወሬው አስረሳኝ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስገባ አስናቀች በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባባ ትናንት ከገዳም ተመለሱ» አለችኝ። «ዛሬ ከሰብሳቢነት ወንበራቸው አነሷቸው።»

«ማን? ለምን?»

«ያ ክብ የቅየሳ ምልክት ነው ተብሏል። ጓሳው ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብሎ አገሩ ተነሥቷል። ዱካውን ሲያዩት የኛ የፒክአፕ ጎማ ሆኖ ተገኘ። ጠባቂው ራሱ ቀያሾቹን አስገባ እያሉ ነው።»

ለጠፋ ከብት ኮቴ ሲከታተል የኖረ አገር መሆኑን ረስቼው ነበር። እዚያ ሰፈር ሰው የጎረቤቱን አህያ ዱካ ከራሱ አህያ ዱካ ይለያል። ያቺን ፒክአፕ ከጭቃ ያልገፋ ሰው ስለሌለ አንደኛው ጎማዋ ላይ ያለውን የማረሻ ጠባሳ ሁሉም በዓይኑ ያውቀዋል። ዱካው እንዳይጠፋም እንቅብ ደፍተው ዘብ አቁመውለታል።

አስናቀች በትከሻዬ በኩል አልፋ መኪናዋን አየች። ጎማዎቹን ከወንድይፍራው ገዛሁ ብያት ነበር። ጠጋ ብላ ጎንበስ አለችና አንደኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ጠባሳው ላይ።

«እሑድ ትሄዳለህ» አለች። «በገዛ አፍህ ትናገራለህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ አገሩ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ እንደ ድሮው አውጫጭኝ ነው ያደረጉት፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አማቴ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ አቶ ወርቁ የሚባሉ ጎረቤታቸው ተቀምጠዋል። አማቴ በርኖሳቸውን ተጠቅልለው ብቻቸውን አንዲት ድንጋይ ላይ ናቸው። 

«አቶ ደምሴ፣ እኛ ምንም አላልንም» አሉ አቶ ወርቁ፣ ቃላቸው እየከበዳቸው። «ሰው ግን ይላል። ዱካውን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። የኔ ጎማ ነው፤ ጠባሳውን አውቀዋለሁ» አሉ አማቴ። «ነገር ግን መኪናዬ ሞተር የላትም። ቁልፌንም ለማንም ባዕድ አልሰጠሁም። ነካካ እንዳልባል ሸራዋን አልገለጥኩም፤ ሰው ልካችሁ እዩ፣ ጎማዎቿ እንደተሰቀሉ ናቸው።»

ሦስት ሰው ተላከ። እኔ በዚያን ጊዜ መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም። የተላኩት ተመልሰው «ሸራውን ገለጥነው፤ ጎማ የለም» አሉ። አማቴ ቀና ብለው ሰዎቹን አዩ፣ መሬቱን አዩ። ዕድሜ ልኩን ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ውሸታም ሲመስል አይቼ አላውቅም ነበር። አፈርኩ። ከዚያ ቀን በፊት ያፈርኩ የሚመስለኝ ሁሉ ማፈር አልነበረም።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ተነሣሁ። «ጎማውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጓሳ የገባሁትም እኔ ነኝ። ለመዞር ነው። ቀያሽ የለም፣ ባለሀብት የለም።»

ምን የሆነ ይመስላችኋል? ማንም አላመነኝም! ጉርምርምታ ተነሣ፤ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡልኝ። አቶ ወርቁ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው «እንዲህ ያለ አማች ይስጥ» አሉ። «አማቱን ለማዳን የሰው ጥፋት ይሸከማል።»

«የምሬን ነው፣ አባቴ! ከዚያች ከቀይዋ መኪና ላይ ነው የገጠምኩት!»

«ይሁን ልጄ፣ ገባን። ቁጭ በል። ያቺን ቁንጫ በፒክአፕ ጎማ? ልጅም አያምንህ።»

ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የሚለምን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለመንኩ። በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር መኪናዋን ይዞ ሲጠብቀኝ የነበረውን ወንድይፍራውን በእጄ ጠራሁት። እየነዳ ሜዳው ላይ ሲደርስ ስብሰባው ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ከበቧት። አንዱ ጎንበስ ብለው ከሥሯ ወዲያ ማዶ አዩ፣ አንዱ የብረት ሳህኑን በከዘራ ጫፍ ነኩ፣ ቄሱ ጠባሳውን በመቋሚያቸው እያሳዩ «እነሆ» አሉ። አቶ ወርቁ አሁንም አልተዋጠላቸውም። ክቡ የተለካበትን የመጫኛ ገመድ አስመጡና «ዙርባት!» ብለው አዘዙኝ።

ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ ወደ ቀኝ ዞርኩ። መጫኛውን ዘረጉት። ከዳር እስከ ዳር ልክክ አለ፤ አንድ ጣት አልጎደለም፣ አንድ ጣት አልተረፈም። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ «ጋኔኑ መምህሩ ኖሯል!» ስትል ሳቁ እንደገና ተነሣ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት አማቴን አየኋቸው። እሳቸው አልሳቁም።

አቶ ወርቁ ከወንበሩ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ወደ አማቴ ገፉት። «ይቅር ይበሉን። ቦታዎን ይያዙ» አሉ። «ፍርዱንም እርስዎ ይስጡ።»

አማቴ ተቀመጡ። በርኖሳቸውን አስተካከሉ።

«ሕጋችን አንድ ነው» አሉ፣ እኔን ሳያዩ። «ዝግ ጓሳ የገባ፣ ዘንድሮ ሲከፈት አያጭድም። በሚስቱ በኩል ያለችው ድርሻ ቀርታበታለች።»

ተገቢ ነው። የወጥ ቤታችን ክዳን ባለፈው ክረምት አልቆ ያፈስ እንደነበር፣ አስናቀች ያን ሳር ቀን እየቆጠረች ስትጠብቅ እንደነበር ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«ሁለተኛ፣» አሉ አማቴ፣ «ደምሴም አያጭድም።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኸ። «ኧረ እርስዎ ምን አደረጉ! ገዳም ነበሩ!» እያሉ ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«የገባው ጎማ የማን ነው?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «የኔ ነው። ለጥጃዬ ያልቀረ ሕግ ለጎማዬ አይቀርም። ስብሰባው በዚሁ አለቀ።» ተነሥተው በአጠገቤ አለፉ፤ ሰላምም አላሉኝ፣ አልተቆጡኝምም። ቢቆጡኝ ምን ያህል በቀለለኝ።

ጎማዎቹን በማግስቱ ራሴ መልሼ ገጠምኳቸው። ጓሳ ሲከፈት አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ገባ። አማቴ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። እኔም ከእሳቸው ራቅ ብዬ፣ እሳቸው ወደሚያዩት እያየሁ ተቀመጥኩ። ቀትር ላይ አቶ ወርቁ ሳራቸውን ተሸክመው ሲያልፉ ቆም አሉና አንድ እስር አውርደው በአማቴ ደጅ ጣሉ። «አያጭዱም ተባለ እንጂ አይሰጣቸውም አልተባለም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከኋላቸው የመጣው ሌላ እስር ጣለ። ቀጥሎ ያለችውም ጣለች። እስኪመሽ ድረስ ያለፈ ሁሉ እየጣለ ሄደ፤ ክምሩ ከእሳቸው ቁመት በለጠ። አማቴ «ተዉ እንጂ» ይሉ ነበር፤ የሰማቸው ግን የለም። ለኔ የጣለልኝ አንድም ሰው የለም። እንዲያውም አንዷ ሴት ባጠገቤ ስታልፍ እስሩን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

ሲመሽ ልሄድ ተነሣሁ። «መምህር» አሉኝ አማቴ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሲጠሩኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ከክምሩ ላይ እስሮቹን አንድ በአንድ እየመረጡ ወደኔ ገፉ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ተቀጥቻለሁ። አልችልም።»

«ማን ላንተ ሰጠህ?» አሉ። «ለልጄ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ የወጥ ቤቱን ግማሽ ይከድናል። እሷ በምትቀመጥበት በኩል ክደነው።»

«የቀረውስ ግማሽ?»

አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩ።

«እዚያ አንተ ቁም» አሉኝ።